641 ከየት መጣ?

4,294,967,297። ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ማስታወሻ ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። አሥር አኃዝ ነው። ሲነበብ አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ይሆናል። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ በእጄ ያለፈው ቁጥር ብዙ ነው፤ ይህኛው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ስለ ማስተማር የማውቀውን ዋና ነገር የተማርኩት በእሱ ሰበብ ነው። ለማንም ሳልናገር የኖርኩትን አንድ ፍርሃት እንድናገር ያደረገኝም እሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ2 ተነሱ። 2ን በራሱ አባዙት፣ 4። 4ን በራሱ፣ 16። 16ን በራሱ፣ 256። 256ን በራሱ፣ 65,536። ይህንንም በራሱ ስታባዙት 4,294,967,296 ላይ ትደርሳላችሁ፤ ሠላሳ ሁለት ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ የሚሰጡት ይህንኑ ነው። አሁን ከመነሻው ጀምራችሁ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጨምሩ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537፣ 4,294,967,297። የእኛ ቁጥር ስድስተኛው ነው።

የቅርብ ጎረቤቶቹን ሳያውቃቸው የተገናኛቸው ሰው ብዙ ነው። የሠርግ ቪዲዮ በፍላሽ ሊያስገለብጥ ሄዶ፣ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ ትልቅ ነው፣ አይቀበልም» የተባለ ሰው የነካው ድንበር ከዚህ ቁጥር በሁለት ብቻ ያንሳል። ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይዝም፤ የፋይሉ መጠን የሚመዘገበው በ32 ቢት ስለሆነ ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ የለም። የቆየው የኢንተርኔት አድራሻ አሰጣጥም የቆመው በ32 ቢት ላይ ነው። ለመላው ዓለም 4,294,967,296 አድራሻ ብቻ ነበረው፤ ስልኩና ኮምፒውተሩ ሲበዛ አልበቃም። መሐንዲሶቹ እዚያ ይቆማሉ። አንድ ጨምሮ ወደ ማዶ የተሻገረ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም?

ብቸኛ ቁጥር፣ በክፍል ውስጥ ፕራይም የምንለው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው። 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 አምስቱም ብቸኛ ናቸው። በ1640 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፒየር ደ ፌርማ፣ በቱሉዝ የፍርድ ቤት ሹም የነበረና ሒሳብን በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው፣ ተከታዮቹም እስከ መጨረሻው ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫው በእጁ እንዳልገባ በደብዳቤው አልሸሸገም፤ ብዙ አካፋዮችን ግን በማያሻማ መንገድ እንዳስወገደ ጽፏል። ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1729 መጨረሻ፣ ክርስቲያን ጎልድባክ ነገሩን በደብዳቤ ለሊዮናርድ ኦይለር አነሳለት። ኦይለር ያኔ በሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ያለ ወጣት ነው። በ1732፣ በሃያ አምስት ዓመቱ፣ መልሱን አቀረበ። 4,294,967,297 ብቸኛ አይደለም፤ የ641 እና የ6,700,417 ብዜት ነው።

እኔ ይህን የሰማሁት ኮሌጅ ሳለሁ ነው። አስተማሪያችን ታሪኩን ነግረውን ሲያበቁ ወደ ሰሌዳው ዞረው ትልቁን ቁጥር ሳይጽፉትና ሳያካፍሉት ለ641 እንደሚካፈል አሳዩን። ማረጋገጫው በብዙ መጻሕፍት የሚገኝ ነው። 640ን አራት ጊዜ ወስዳችሁ እርስ በርሱ አባዙና ለ641 አካፍሉት፤ ቀሪው 1 ነው፣ ምክንያቱም 640 ከ641 አንድ ብቻ የጎደለው ነው፤ አንድ ጎዶሎ አራት ጊዜ ሲባዛ ደግሞ አንድ ሙሉ ይሆናል። 640 ማለት 5 ጊዜ 128 ነው፤ 128 ሰባት ሁለቶች ነው። ስለዚህ በአራቱ 640ዎች ውስጥ አራት አምስቶችና ሃያ ስምንት ሁለቶች አሉ። አራቱ አምስቶች ሲባዙ 625 ይሆናሉ፤ 625 ከ641 የሚያንሰው በ16 ነው፤ ስለዚህ በቦታው «16 ጎዶሎ» ብንተካ ቀሪው አይለወጥም። 16 አራት ሁለቶች ነው። ሃያ ስምንትና አራት፣ ሠላሳ ሁለት። እንግዲህ ሠላሳ ሁለቱ ሁለቶች በጎዶሎ ተወስደው ቀሪያቸው 1 ከሆነ፣ በሙሉ ተወስደው 1 ሲጨመርባቸው ምንም አይተርፍም። ማለትም 4,294,967,297 ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

ክፍሉ በአድናቆት ተንሾካሾከ። እኔም አደነቅሁ። ውስጤ ግን አንድ ነገር ተቆለፈ። ይህ ሁሉ የሚሠራው 641ን አስቀድሞ ለሚያውቅ ነው። 641 በ625 እና በ16 መካከል ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አገኙት እንጂ ማን ወደ እሱ መራቸው? ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ለምን እንደተመለሰ አሁን ልናገረው እችላለሁ። ከትንሽ ከተማ የመጣሁ ልጅ ነበርኩ፤ በማትሪክ ውጤቴ ጥሩ ነኝ፤ ሌሊት አጥንቼ ያመጣሁት ውጤት ነው። እና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ እምነት ይዤ ገባሁ፦ ሒሳብ የሚገባቸው ሰዎች ሌላ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ እኔ በጥናት ብዛት በመሃላቸው የተቀመጥኩ ነኝ፤ «ይህ ከየት መጣ?» ብዬ የጠየቅሁ ዕለት ይታወቅብኛል። ከባዶ ቦታ ብቅ የሚል እርምጃ በሰሌዳ ላይ ባየሁ ቁጥር ያ እምነት ይበረታ ነበር። ይህን ያሰበ ሰው እንደ እኔ ያለ ሰው አይደለም እላለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ በቃሌ እይዛለሁ፣ በፈተና ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዲግሪዬን የያዝኩት በዚህ ፍርሃት ውስጥ ሆኜ ነው። መምህርም ሆኜ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ የሰሌዳውን ወገን ስለያዝኩ ብቻ የሚጠይቀኝ የለም ብዬ አረፍኩ።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ብቸኛ ቁጥሮችና ስለ አካፋዮች ሲማሩ ይህን ማረጋገጫ እንደ ማጣፈጫ አሳያቸው ነበር። ልጆች ይወዱታል። አንድ ቀን ደወል ተደውሎ ክፍሉ ሲተራመስ አንዲት ተማሪ ደብተሯን ገልጣ ወደ እኔ መጣች። ገጹን ሙሉ ረጅም ማካፈል ሠርታበታለች።

«ቲቸር፣ እኔ ራሴ አካፍዬ አየሁት፤ ልክ ነው። ግን 641ን ከየት አመጡት? ከ3 ጀምረው እየሞከሩ ነው?»

አነጋገሯ ውስጥ እፍረት አልነበረም። የጫማ ዋጋ እንደሚጠየቅ ነው የጠየቀችኝ። እኔ በዚያ ዕድሜ፣ ከዚያም በኋላ፣ ልጠይቀው ያልደፈርኩትን ጥያቄ ቆማ ጠየቀችኝ፤ መልስ የለኝም። «አላውቅም። አይቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። «እሺ» ብላ ሄደች። በመምህርነቴ ከዚያ በፊት «አላውቅም» ማለትን የምፈራው እንደ ውርደት ነበር። የሆነው ነገር ግን ልጅቷ ደብተሯን አጥፋ ወደ ቤቷ መሄዷ ብቻ ነው።

እሷ እንደገመተችው ከታች ጀምሮ መሞከር ይቻላል። 641 በብቸኛ ቁጥሮች ተራ 116ኛው ስለሆነ ባለ አሥር አኃዙን ቁጥር 115 ጊዜ በከንቱ ካካፈሉ በኋላ ይገኛል። ይህ እንኳን የሚሆነው አካፋዩ ቅርብ ስለሆነ ነው። አካፋይ የለውም ለማለት ግን እስከ 65,536 ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መጨረስ ያስፈልጋል፤ እነሱም 6,542 ናቸው። ኦይለር ይህን አላደረገም። በ1732ቱ ጽሑፉ ላይ ግን እንዴት እንደደረሰበትም አልተናገረም፤ ለ641 እንደሚካፈል ይናገራል፣ ያልፋል። መንገዱን የጻፈው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በታተመ ሌላ ሥራው ውስጥ ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ አዘንኩም። ከእነዚያ «ሌላ ዓይነት ሰዎች» አንዱ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ኦይለር፣ መንገዱን ትቶ መድረሻውን ብቻ አስቀምጦ ነበር፤ እኔም በኮሌጅ ወንበር ላይ ያየሁት ያንን መድረሻ ነበር።

መንገዱ ይህ ነው። ከትልቁ ቁጥር ተነስቶ ወደ ታች መፈለግን ይተውና ጥያቄውን ይገለብጠዋል፦ አካፋይ ቢኖረው ያ አካፋይ ምን ዓይነት ቁጥር ሊሆን ይገባል?

በ17 እንጀምር። 2ን ደጋግማችሁ እጥፍ አድርጉና በየጊዜው ለ17 አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 15፣ 13፣ 9፣ 1። ከ1 በኋላ እንደገና 2 ይመጣል፤ ዙር ነው። የዙሩ ርዝመት 8 ነው። በግማሹ፣ በአራተኛው ላይ፣ 16 አለ፤ 16 ለ17 አንድ የጎደለው ነው። ይህን ለክፍሌ ስወስደው ለየዴስኩ አንድ አንድ ብቸኛ ቁጥር አከፋፈልኩ። በ7 የሠሩት ዙራቸው 3 ሆነ። በ11 የሠሩት 10፣ በ13 የሠሩት 12፣ በ23 የሠሩት 11፣ በ31 የሠሩት 5። ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፍነው። ዝም ብዬ ቆምኩ። ዝም ማለት ለመምህር ከባድ ነው፤ ያን ቀን ግን ቻልኩበት። ከመሃል አንዱ ልጅ፣ ዙሩ ሁልጊዜ ከብቸኛው ቁጥር አንድ ሲቀነስ የሚገኘውን ያለ ቀሪ ያካፍላል አለ። 3 ለ6፣ 10 ለ10፣ 12 ለ12፣ 11 ለ22፣ 5 ለ30። ፌርማ በ1640 የጻፈው ትልቅ እውነት ይህ ነው፤ ልጁ በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ደቂቃ አየው። ለሁሉም ብቸኛ ቁጥር እንደሚሠራ ማረጋገጥ ሌላ ሥራ ነው፤ ያንንም ለብቻው ቀን ሰጠነው።

አሁን ወደ ትልቁ ቁጥር። ብቸኛ የሆነ አንድ አካፋይ አለው እንበል። 32 ሁለቶች ላይ 1 ሲጨመር ለዚህ አካፋይ ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ 32 ሁለቶቹ ብቻቸውን ሲካፈሉ አንድ ይጎድላቸዋል ማለት ነው። በ17 ዙር ውስጥ በአራተኛው ላይ እንዳየነው ማለት ነው። 64 ሁለቶች ላይ ሲደርስ ደግሞ ጎዶሎው በጎዶሎ ተባዝቶ 1 ይሆናል። እንግዲህ ዙሩ በ64 ይዘጋል። ከዚያ በፊት ሊዘጋ አይችልም ወይ? ዙሩ 64ን የሚያካፍል መሆን ስላለበት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ወይም 32 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህ አንዱ ቢሆን ኖሮ በ32 ላይ 1 እናገኝ ነበር እንጂ አንድ ጎዶሎ አናገኝም። ስለዚህ ዙሩ በትክክል 64 ነው። ዙሩ ደግሞ ከብቸኛው ቁጥር አንድ ሲቀነስ የሚገኘውን ያካፍላል። ስለዚህ አካፋዩ ከ64 ብዜቶች በአንዱ ላይ 1 የተጨመረበት ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም።

65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ከእነዚህ ውስጥ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። አምስት። 115 የከንቱ ሙከራ ወደ አራት ወረደ፤ አምስተኛው መልሱ ነው።

ሙከራው ራሱም ቀላል ነው፣ ባለ አሥር አኃዙን መንካት አያስፈልግም። ቀሪዎቹን ብቻ እየያዛችሁ በራሳቸው አባዙ። 256 በራሱ 65,536 ነው፤ ለ641 ሲካፈል 154 ይተርፋል። 154 በራሱ 23,716 ነው፤ ለ641 ሲካፈል 640 ይተርፋል። 640 ላይ 1 ጨምሩ። ልጅቷ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ይህን ራሷ ሠራችው፤ 640 ሲመጣ እጇን ከጠመኔው ሳታነሳ ወደ ኋላ ዞራ ጓደኞቿን አየቻቸው።

በዚያ ሰሞን የተሰማኝን በትክክል ለመናገር እሞክራለሁ። ደስታ ነበር፤ ከደስታው በታች ደግሞ እረፍት ነበር። ብዙ ዓመት ተሸክሜው የኖርኩት፣ 641ን የሚያስብ ሰው የተለየ ፍጥረት ነው የሚለው እምነት፣ ከ17 ዙርና ከአንድ የማካፈል ሕግ በላይ የሚደግፈው ነገር አልነበረውም። ኦይለር ታላቅ ነው፤ ታላቅነቱን ያየሁት ግን መንገዱን ስሄድ ነው። አራት መስመሩን በቃሌ ይዤ ሳለሁ የማውቀው ርቀቱን ብቻ ነበር። ለፌርማም ያለኝ ስሜት ተለወጠ። ያ የዙር ሕግ የራሱ ነው፤ ስለ እነዚህ ቁጥሮች በጻፈበት በዚያው ዓመት ለወዳጁ የነገረው ነው። መሣሪያው በእጁ ነበር። እምነቱን የጻፈው አምስት ብቸኛ ቁጥሮችን መሞከር ብቻ ቀርቶት ሳለ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ የማከብረው መምህር፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቃወመኝ። ምዕራፉ አያልቅም፤ ብሔራዊ ፈተና 641ን አይጠይቅም፤ ስልሳ ልጅ ይዘህ እያንዳንዱን ነገር ከሥሩ ልታስቆፍር አትችልም አለኝ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። እኔም ሁሉንም ከሥሩ አላስተምርም፤ ጊዜው የለም። ያደረግሁት ለውጥ ይህ ነው፦ ከባዶ ቦታ የሚመጣ እርምጃ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከባዶ ቦታ እንዳልመጣ እናገራለሁ። መንገዱን ለማሳየት ጊዜ ካለኝ አሳያለሁ፣ ከሌለኝ መንገድ እንዳለውና የት እንደሚገኝ እነግራቸዋለሁ፤ የማላውቀው ከሆነም አላውቀውም እላለሁ። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚፈጅ ነው። አንድ ልጅ በዚያ ዐረፍተ ነገር እጦት ራሱን ከሒሳብ ውጭ ሊቆጥር እንደሚችል ግን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ አልተውኩትም።

ስለዚህ ቁጥር ከሚነገሩት ታሪኮች ውስጥ በጣም የሚነካኝ የዜራ ኮልበርን ነው። በ1804 በአሜሪካ በቬርሞንት የተወለደ ገና ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነው፤ አባቱ የማስላት ችሎታውን ለሕዝብ እያሳየ ለንደን ወሰደው። እዚያ 4,294,967,297ን ቢጠይቁት ያለ ወረቀትና ያለ ብዕር 641 ጊዜ 6,700,417 ብሎ መለሰ። እንዴት እንደሚያገኘው ሲጠይቁት መልሱ ወደ አእምሮው እንዴት እንደሚመጣ እንደማያውቅ ይናገር ነበር። ሰዎች የሚከፍሉት ይህንን ለማየት ነው፤ የተሰወረ በመሆኑ ያስገርማቸዋል። ኮልበርን ካደገ በኋላ በ1833 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የአሠራር ዘዴዎቹን ለማስረዳት ደክሟል። ከለንደኑ ትርኢት ይልቅ ያን ድካም ነው ለተማሪዎቼ የምነግራቸው።

ጥያቄው ከክፍል ውጭም ተከትሎኝ ወጥቷል። በእድራችን ዓመታዊ ሒሳብ ሲነበብ ድምሩ ይነገራል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ምሳ ይኬዳል። እኔም ለዓመታት አጨብጭቤያለሁ። ገንዘብ ያዡን «ጋሼ፣ ይህ ድምር እንዴት እንደመጣ ቢያስረዱን» ብዬ የጠየቅሁት ከዚያች ልጅ በኋላ ነው። ፈርቼ ነበር፤ እንደ ጥርጣሬ እንዳይቆጠርብኝ። እሳቸው ግን ደብተራቸውን ገልጠው ከወር ወር በደስታ አስረዱን፤ ያን ያህል የለፉበትን ሥራ የሚያይላቸው ሰው አግኝተው አያውቁም ነበር። ከእንግዲህ በየዓመቱ እንዲህ እናድርገው ያሉትም ራሳቸው ናቸው።

ወደ ቁጥራችን ልመለስ፤ ገና አላለቀም። በ1878 ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካስ የኦይለርን ሕግ አጠበበው፦ አካፋዩ በ64 ፋንታ ከ128 ብዜቶች በአንዱ ላይ 1 የተጨመረበት መሆን አለበት። 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641። ከእነዚህ ብቸኛ የሆኑት 257 እና 641 ብቻ ናቸው። 257 ደግሞ ራሱ በዚያው ሰልፍ ውስጥ አራተኛው ነው፤ ጎልድባክ በ1730 ለኦይለር እንዳሳየው በዚህ ሰልፍ ያሉ ማናቸውም ሁለት ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ 257 ሳይሞከር ይወድቃል። የሚሞከረው የመጀመሪያው ቁጥር 641 ሆነ።

ሌላኛው አካፋይ፣ 6,700,417፣ ብቸኛ መሆኑንም በዚሁ ሕግ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማረጋገጥ ይቻላል። አካፋይ ቢኖረው ከ2,589 በታች የሆነ አካፋይ ይኖረዋል፤ እሱም ትልቁን ቁጥር የሚያካፍል ስለሆነ ከ128 ብዜት አንድ የበለጠ መሆን አለበት። 257ን ካስወገድን በኋላ እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች አራት ብቻ ናቸው፦ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409። ቀሪያቸው በተራ 44፣ 120፣ 334፣ 622 ነው። አንዱም አያካፍልም። አራት ማካፈል፣ አንድ ጠመኔ፣ እና ባለ ሰባት አኃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆኑ ያለ ኮምፒውተር ተረጋገጠ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆቹ ጋር ስንጨርስ እኔ ራሴ ቁጭ አልኩ።

ቀጣዩ ቁጥር፣ 4,294,967,296 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት፣ 18,446,744,073,709,551,617 ነው። በ1880 ፎርቱኔ ላንድሪ የተባለ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው 274,177 እንደሚያካፍለው አገኘ። ለተማሪዎቼ መልሱን ሳይሆን ሕጉን እሰጣቸዋለሁ፤ እዚህ በ128 ፋንታ 256 ነው። 274,177 ማለት 256 ጊዜ 1,071 ሲደመር 1 ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ቢሆንም አንዳንዶቹ በስልካቸው ትንሽ ፕሮግራም ጽፈው ይደርሱበታል።

በዚህ ዓመት የመጣብኝ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። ከ65,537 ወዲህ በዚህ ሰልፍ ውስጥ አንድም ብቸኛ ቁጥር እንዳልተገኘ ነግሬያቸው ነበር። ከ2 ተነስቶ ሃያ ጊዜ በራሱ እየተባዛ 1 የተጨመረበት ቁጥር 315,653 አኃዝ አለው፤ ብቸኛ አለመሆኑ በ1987 ተረጋግጧል፣ አንድም አካፋዩ ግን አልተገኘም። ይህን ስል ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ፣ አካፋዩ ካልተገኘ ብቸኛ እንዳልሆነ በምን ታወቀ አለኝ። ይህን አውቀው ነበር፤ ሆኖም መልሱን አልነገርኩትም። ቴዎፊል ፔፓን በ1877 ያወጣው መመዘኛ አለ፤ በትንሹ በ17 ጀመርን። ከ17 አንድ ቀንሳችሁ በግማሹ ውሰዱ፣ 8። ስምንት ሦስቶችን አባዙ፣ 6,561። ለ17 ሲካፈል 385 ደርሶ 16 ይተርፋል። አንድ ጎዶሎ። በዚህ ሰልፍ ከ3 ቀጥለው ባሉት ቁጥሮች አንድ ጎዶሎ ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ሌላ ነገር ከመጣ አይደለም። ለምን 3 እንደተመረጠ ጠይቀውኛል፤ እሱ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቀን ይዘንለታል። እስከዚያው 257ን ሰጥቻቸዋለሁ። 128 ሦስቶችን ማባዛት ቢያስፈራም ቀሪውን እየያዙ ሰባት ጊዜ በራሱ ማባዛት ይበቃል።